ለደበዘዘ የፒክአፕ መብራት መጀመሪያ የሚቀየረው አምፖሉ አይደለም

ጥያቄ፦ «በፈረንጆቹ 2008 የተሠራ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኜ በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር አመላልሳለሁ። አልፎ አልፎም የዓባይን በረሃ ወርጄ አዲስ አበባ እገባለሁ። ማለዳ ስነሣም ሆነ ሲመሽብኝ የፊት መብራቱ መንገዱን በቅጡ አያሳየኝም፤ መስታወቱም ቢጫ ሆኗል። የመለዋወጫ ሱቅ ስጠይቅ 20,000 ሉመን ነው የተባለ የኤልኢዲ አምፖል አሳዩኝ። ወዳጄ ደግሞ ባለ 100 ዋት ሃሎጅን አስገባ ይለኛል። ከታይላንድ የመጣ ሙሉ የፊት መብራትም አለ። ለእንጅባራው ጭጋግ ቢጫ ብርሃን ይሻላል የሚሉም አሉ። ጣራው ላይ ረጅም የኤልኢዲ ባር ለማሰርም አስቤአለሁ። የትኛውን ልግዛ? ራሴ ብገጥመውስ?»

ምላሽ፦ የኤልኢዲ አምፖሉን አይግዙ፤ ባለ 100 ዋቱንም አይግዙ። የጣራውን ባር ይተዉት። ከታይላንድ የመጣውን ሙሉ መብራት ደግሞ ከዚህ በታች የምነግርዎትን ምልክት ሳያዩ ብር አይክፈሉበት። እርስዎ የጠየቁት የትኛው አምፖል እንደሚበልጥ ነው፤ እንዲህ ባለ ዕድሜ ላይ ያለ መኪና መብራት ሲደበዝዝ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው ከአምፖሉ ውጭ ነው። ሳይመረምሩ አምፖል መቀያየር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

መኪናዎ የሚጠቀመው ኤች 4 የሚባለውን አምፖል ነው። አንዱ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ ለአጭሩ መብራት 55 ዋት፣ ለረጅሙ 60 ዋት። በ13.2 ቮልት ሲለካ በአጭሩ 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ከ20,000 ጋር ሲያነጻጽሩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ንጹሕ መስታወት፣ ጤነኛ ገመድና የተስተካከለ አቅጣጫ ካገኘ በልክ ለሚነዳ ፒክአፕ የሚበቃ ብርሃን ነው፤ መኪናው አዲስ ሳለም ያበራ የነበረው በዚሁ ነው። እንግዲህ መፈለግ ያለበት ያ ብርሃን የት እንደጠፋ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል እየወረደ አይሄድም፤ ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አምፖሉ ጋ 13.2 መድረስ ሲገባው 11.9 ቢደርስ፣ አምፖሉ አዲስም ሆነ ውድ፣ ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉ የለም ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ መኪና ላይ ደግሞ ማብሪያው ያረጃል፣ የሶኬቱ ጥርስ ይላላል፣ ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ የታሰረበት ብሎን ይዝጋል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል።

ይህን ራስዎ ማየት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ቮልት የሚለካ አንድ ቴስተር ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሥተው፣ አጭሩን መብራት አብርተው መጀመሪያ ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.5 እስከ 14.4 ቮልት ማግኘት አለብዎ። ከዚያ ካነሰ ነገሩ የመብራት ሳይሆን የዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ መብራቱን ትተው ወደዚያ ይሂዱ። ባትሪው ደህና ከሆነ አምፖሉ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ፣ እየበራ ሳለ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሶኬቱ ጀርባ አስገብተው ይለኩ። ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱ ታሟል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ሳይቀር የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ አምፖሉን ነቅለው ባዶውን ሶኬት ይለኩና «12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ጅረት በማይሄድበት ገመድ ላይ ቮልት አይወድቅም፤ የተበላሸው ገመድም እንደ ጤነኛው ሙሉ ቁጥር ያሳያል። መለካት ያለበት እየበራ ነው። ሶኬቱን ሲነቅሉም ጠጋ ብለው ይዩት፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከተኮማተረ ወይም ከሦስቱ ጥርሶች አንዱ ከጠቆረ፣ ማጽዳት አይበቃውም፣ ይቀየር።

የገመዱ መድኃኒት ሪሌ ነው፤ በትንሽ ጅረት ታዞ ትልቁን ጅረት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማለት ነው። መብራቱ ኃይሉን በጋቢናው ማብሪያ ዞሮ ከመቀበል ይልቅ ከባትሪው በቀጥታ ይወስዳል፤ ማብሪያው የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ይሆናል። አንድ ሪሌ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ፤ ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሚነሣው ገመድ ላይ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ፣ ለእያንዳንዱ ሪሌ አንድ ባለ 20 አምፒር ፊውዝ። ፊውዙ ራቅ ካለ ገመዱ በመካከል ሻንሲውን ሲነካ የሚያስቆመው የለም፤ መኪና የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎ ሳይረሱ የሚነግሩት ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የመብራቱ ማብሪያ የሚያቋርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። የሶኬቱ የጋራ ጥርስ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የአጭሩና የረጅሙ ገመዶች በማብሪያው በኩል ማሳ ያገኛሉ። ይህን ሳያውቅ እንደ ሌላ መኪና የሚያገናኝ ሰው መብራቱ አልበራ ሲለው ገመድ መቆራረጥ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው። 85 እና 86 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸውን የሪሌውን እግሮች በአሮጌው ሶኬት የጋራ ጥርስና የአጭሩ ጥርስ መካከል ያገናኙት፣ ሁለተኛውን ሪሌ ደግሞ በጋራውና በረጅሙ መካከል። ሪሌው በውስጡ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የሌለው ተራ ዓይነት ከሆነ ማሳው የትም ይቋረጥ የት ይሠራል። 30 ቁጥር እግር በፊውዙ በኩል ከባትሪው፣ 87 ቁጥሩ አምፖሉ ወደሚሰካበት አዲስ ሶኬት፣ የአዲሱ ሶኬት የጋራ ጥርስ ወደ ንጹሕ ማሳ። የፋብሪካው ገመድ አንድም ቦታ አይቆረጥም።

ሁለተኛው ብርሃን የሚጠፋበት ቦታ ያ ቢጫ የሆነው መስታወት ነው፤ መስታወት እንበለው እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከላዩ የፀሐይን ጨረር የሚከላከል ስስ ቅባት ነበረው፤ እሱ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይቃጠላል። የጎጃም ደጋ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ በዚህ ይበረታል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨረሩን የሚያስቀር አየር ይሳሳል። ቢጫው ብርሃን ከመቀነሱም በላይ የቀረውን ይበትነዋል፤ ስለዚህ እርስዎ አያዩም፣ ከፊት የሚመጣውም ይጨነቃል። በውኃ እየራሰ መጀመሪያ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000፣ በመጨረሻ በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያ በመወልወያ ይጸዳል። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንት ያሳምረዋል፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁ። ዋናው ነገር ከታሸ በኋላ ጨረር የሚከላከል ግልጽ ቀለም መቀባቱ ነው። እሱ ካልተቀባ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢጫው ይመለሳል፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ። ስንጥቁ ከውስጥ በኩል ከሆነ ወይም ከጀርባ ያለው አንጸባራቂ ብር ከተላጠ ማሸቱ ድካም ነው፤ ያኔ የመብራቱ ቤት በሙሉ ይቀየራል።

አሁን ወደ ኤልኢዲው እንምጣ። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሳህን የተቀረጸው ክሩ አንዲት የታወቀች ነጥብ ላይ እንደሚቀመጥ ተሰልቶ ነው፤ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ጨረሩ ይበላሻል። የኤች 4ን አምፖል አውጥተው በብርሃን ቢያዩት ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። የአጭሩ ብርሃን ወደ ሳህኑ ታችኛ ግማሽ እንዳይሄድ የምትከለክለው እሷ ናት፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የምታድነውም እሷ ናት። የኤልኢዲው አምፖል ብርሃን የሚወጣው ከጎንና ከጎኑ ከተለጠፉ ጠፍጣፋ ቺፖች ነው። ክሩ የነበረበትን ቦታና ቅርጽ አይተካም፤ ጽዋውንም በደንብ አይመስልም። የሚሆነው ይህ ነው፦ ከመኪናዎ ፊት ያለው አሥር ሜትር ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል፣ ሹፌሩ «አየሁ» ይላል፣ ዓይኑ ለዚያ ደማቅ ብርሃን ይጠብና ከዚያ ወዲያ ያለውን ያጣል። ጋሪው ያለው፣ ከብቱ ያለው፣ ጋቢ ለብሶ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ሰው ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። 20,000 ሉመን የሚለው ቁጥር ደግሞ በዚያች ትንሽ አምፖል መጠን እውነት ሊሆን አይችልም፤ ያን ያህል ብርሃን የሚያወጣ ኤልኢዲ የሚያመነጨውን ሙቀት የአውራ ጣት የምታህል ማራገቢያ አታወጣውም። ያችው ማራገቢያም ወደ ገጠር በሚገባው የጠጠር መንገድ አቧራ ስትሞላ ትቆማለች። ዜኖን የሚባለው ሌላው የአምፖል ዓይነትም ለሃሎጅን በተሠራ ሳህን ውስጥ ሲገባ ጥፋቱ ተመሳሳይ ነው።

ባለ 100 ዋቱ ቢያንስ ክሩ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። ሁለቱም በረጅሙ ሲበሩ 10 አምፒር ይሸከም የነበረው ገመድ 17 አምፒር ገደማ ይጫንበታል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ የሳህኑ ብር ይላጣል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። ገመዱ ለ60 ዋቱ እንኳ ቮልት እያነሰው ባለበት መኪና ላይ ይህን መጨመር በሽታውን ማባባስ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የታይላንዱን መብራት ነው። አጭር መብራት በሁለቱም ጎን እኩል አያበራም። መኪናው በሚሄድበት ወገን ያለውን የመንገድ ዳር ራቅ አድርጎ እንዲያሳይ ጨረሩ በዚያ በኩል ከፍ ይላል፤ በተቃራኒው በኩል ከፊት የሚመጣውን እንዳያሳውር ዝቅ ይላል። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻግራለች። ታይላንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያና አውስትራሊያ ግን በግራ ነው የሚነዱት። ለእነርሱ የተሠራ መብራት እዚህ ሲገጠም ከፍ የሚለው ጨረር በግራ በኩል፣ በቀጥታ ከፊት በሚመጣው መኪና ዓይን ላይ ያርፋል፤ ጋሪና እግረኛ የሚሄድበት ቀኝ ዳር ደግሞ ጨለማ ይቀራል። በማስተካከያ ብሎን ዝቅ ማድረግ ይህን አያርመውም፤ ቅርጹ ከፋብሪካው ነው። ዕቃው በመልክ አንድ ዓይነት ነው፣ በደንብ ይገጥማል፣ ያበራል፤ ስለዚህ ገዢውም ሻጩም ሳያውቁት ይሸጣል።

መለያው መስታወቱ ላይ አለ። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ መብራት በክብ ውስጥ የእንግሊዝኛው ኢ ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር ተቀርጾበታል። ከምልክቱ አጠገብ፣ መብራቱን ፊት ለፊት ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት ቀስት ካለ ለግራ ነጂ አገር የተሠራ ነው፤ አይግዙት። ቀስት ከሌለው ለቀኝ ነጂ ነው፣ ለእኛ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ የሚያመለክት ቀስት ያለው ለሁለቱም ይስተካከላል። ከነጭራሹ ምልክት የሌለውን ቅጂ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀለበት የሚያበራውንና የሚያብለጨልጨውን ጨምሮ፣ ይለፉት። ሻጩ «ከዱባይ ነው» ቢልዎ አይመኑት፤ ዱባይ በቀኝ ይነዳል፣ ነገር ግን በዚያ የሚያልፈው ዕቃ ከየአገሩ ነው። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ድረስ ሄደው ከሻጩ ጋር ከመስማማትዎ በፊት መብራቱን በመኪና ባትሪ አብርተው ግድግዳ ላይ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፤ የአጭሩ ብርሃን የላይ ጠርዝ ከመካከል ወደ ቀኝ ከፍ ማለት አለበት። አሁን መኪናዎ ላይ ያለውንም በዚሁ መንገድ ይፈትሹት፤ ቀድሞ የነበረ ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ስለ ጭጋጉ፦ ቢጫ ጭጋግን ይሰነጥቃል የሚባለው ልክ አይደለም። የጭጋግ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ነጩንም ቢጫውንም በእኩል ይበትናል። ቢጫ ለዓይንዎ ከለሰለሰ ይጠቀሙበት፣ ግን የሚወስነው የጨረሩ ቅርጽ ነው። ረጅሙን ካበሩ ብርሃኑ ከጠብታው ተመልሶ ዓይንዎ ላይ ይወድቃል። የሚረዳው ከፓራውልቱ በታች የታሰረ፣ ብርሃኑ ወደ ጎን ሰፍቶ ወደ ላይ የማይወጣ የጭጋግ መብራት ነው። በእንጅባራ የክረምት ማለዳ ግን እሱም ቢሆን የሚያሳይዎ የመንገዱን ጠርዝ እንጂ ከሩቅ የሚመጣውን አይደለም፤ ፍጥነትዎን ዓይንዎ እስከሚያይበት ርቀት ዝቅ ያድርጉ።

የጣራው ባር ኮፈኑን አብርቶ መልሶ ወደ ዓይንዎ ያንጸባርቃል፤ በአቧራና በጭጋግ ውስጥ ደግሞ ነጭ ግድግዳ ይሠራብዎታል። ለረጅሙ ተጨማሪ ብርሃን የግድ ካስፈለገዎ ሁለት ጥሩ የርቀት መብራቶች ፓራውልቱ ላይ ያሳስሩ፤ በራሳቸው ሪሌና ፊውዝ፣ ትእዛዙን ከረጅሙ መብራት ወስደው፣ አጭሩን ሲያደርጉ አብረው እንዲጠፉ። ለብቻው ማብሪያ ያለው መብራት አንድ ቀን ሳይጠፋ ከፊት መኪና ይመጣል። ከመራዊ እስከ ባሕር ዳር ባለው ሜዳ ይጠቅሙዎታል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ግን እዚህ ግቡ አይባሉም፤ መንገዱ ሲጠመዘዝ እነርሱ የሚያበሩት ገደሉን ነው። ለዚያ ቁልቁለት የሚያስፈልገው ወደ ጎን የሚሰፋ፣ የተስተካከለ አጭር መብራት ነው።

ራስዎ መግጠም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። አምፖልና ሙሉ ቤት መቀየር ይችላሉ፤ የሪሌውን ሥራ ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ቀድመው ይፍቱ። ቤቱን ሲያወጡ በጉልበት አይሳቡ፤ የሚይዘውን ሁሉ ሳያላሉ ከሳቡት የፕላስቲኩ ጆሮ ይሰበራል፣ ጆሮው የተሰበረ መብራት ደግሞ ጠጠር መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ መቼም አይስተካከልም። የሃሎጅኑን መስታወት በጣት አይንኩ፣ የእጅ ቅባት በሙቀት ያፈነዳዋል። የጀርባውን የጎማ ሽፋን በትክክል ይመልሱ፤ በክረምት ውኃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ያ ሽፋን ጠፍቶ ወይም ተጣሞ ነው። የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን አይድፈኑ፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

ከዚያ አቅጣጫው ይስተካከላል፤ ይህ ካልተደረገ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ጎማዎቹን በልካቸው ይንፉ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ያቁሙ፣ ሹፌር ይቀመጥ፣ ጋቢናው ውስጥ የመብራት ማውረጃ ካለ ዜሮ ላይ ያድርጉት። ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ያለውን ቁመት ግድግዳው ላይ ያስምሩ። የአጭሩ ብርሃን ጠርዝ ከዚያ መስመር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ከጀርባ ያለውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ያዙሩ። እርስዎ ጭነት ስለሚጭኑ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ኩንታል ሲጫን ባሌስትራው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሣል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢነሣ በ10 ሜትር ርቀት ጨረሩ 17 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ባዶውን ያስተካከሉት ሁሉ ይፈርሳል። ማውረጃ ከሌለው በተለመደው ጭነትዎ ላይ ያስተካክሉት፣ ባዶ ሲሄዱ ትንሽ ያጥርብዎታል እንጂ ሰው አያሳውርም።

ይህ ሁሉ ሆኖ መብራት ገደብ አለው። መብራቱ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በ10 ሜትር 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ከተስተካከለ የአጭሩ ብርሃን ሜዳ መንገድ ላይ 70 ሜትር አካባቢ ያልቃል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እግርዎ ፍሬን እስኪረግጥ ያለውን ሰኮንድ ተኩል ጨምረው፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም የሚያስፈልግዎ ያው 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭነትና ዝናብ ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ጥቁር የለበሰ ሰው ደግሞ ብርሃኑ ከሚያልቅበት በጣም ቀርቦ ነው የሚታየው። በአጭር መብራት ሲነዱ ከ60 አይለፉ።

ስለዚህ ገንዘብዎን በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡ። መጀመሪያ ቮልቱን ያስለኩ፣ ሶኬትና ማሳ ያስጠግኑ፣ ሪሌ ያስገቡ። ቀጥሎ መስታወቱን ያሳሹና ያስቀቡ፤ ሳህኑ ከተላጠ ወይም የግራ ነጂ ሆኖ ከተገኘ ትክክለኛ ምልክት ያለው ሙሉ ቤት ይግዙ፣ ሁለቱንም ጎን። አምፖሉ ታዋቂ ፋብሪካ የሠራው ተራ ባለ 60/55 ዋት ሃሎጅን ይሁን። ኤልኢዲ ከፈለጉ ለኤልኢዲ ተብሎ ከነቤቱ የተሠራና ምልክቱ ያለው እንጂ አምፖሉ ብቻ አይሆንም። አምፖል ሲቀይሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ከወጡት የሚሠራውን በጨርቅ ጠቅልለው ጋቢና ውስጥ ለመጠባበቂያ ያኑሩት።